ጭብጨባው የቀደመው ዱዓ

በዚያ ቀን መርሳ ከተማ፣ አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ ልጥራ ብል አይሆንልኝም፤ ወንበሩ ሞልቶ በር ላይ የቆመም ነበር። ነገሩ በእጃቸው ያለፈውን ግን አንድ በአንድ እጠራለሁ። ሼህ ሙሄ ነበሩ፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ምርቃታቸውን የሚሻ አዛውንት። ጋሽ ደምሌ ነበሩ፤ የቅሬያችን ዳኛ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የኛ ሰፈር ቅሬ የሁለቱም እምነት ሰው አለበት። እትዬ ዘሀራ ነበሩ፤ አስፋልት ዳር ማንጎና ፓፓያ የሚሸጡ፣ ዝም በይ ሲሏቸው የሚብስባቸው። አቶ ታደለ ነበሩ፤ ስለ ሰፈራችን አዲስ ፕላን የተጠራውን ስብሰባ የመሩት የማዘጋጃ ቤት ሰው። ሕይወት ነበረች፤ ፕላኑን ይዛ ከወልድያ የመጣችው ኢንጂነር። ከሴቶቹ መካከል፣ መስኮቱ ሥር፣ እናቴ ሰዓዳ ነበረች። እኔም ነበርኩ፤ ጀማል፣ ጽሑፍ የሚጽፈው።

ጽሑፍ ስል የሱቅ ማስታወቂያ ማለቴ ነው። የፀጉር ቤት፣ የሥጋ ቤት፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የትምህርት ቤት አጥር። ያስተማረኝ ሰው የለም። ትምህርቴን አቋርጬ ቤት በዋልኩበት ጊዜ ከወልድያ እስከ ውርጌሳ የተጻፈውን የሰው ሥራ እየዞርኩ አይቼ፣ በከሰል ግድግዳ ላይ እየገለበጥኩ ነው የለመድኩት። የ«ሐ» እግሮች እኩል ካልወረዱ ጨርቁን አጥቤ እንደገና እጽፋለሁ። እጄ እንዲህ ሲሆን አፌ ግን አይታዘዘኝም ነበር። በቅሬው ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ «አለሁ» ማለት ከብዶኝ እጄን ብቻ አነሣለሁ። ጋሽ ደምሌም ለምደውኛል፤ እጄን ሲያዩ «ጀማል በእጁ መጥቷል» ብለው ያልፉኛል፤ ሰዉም ይስቃል።

ፕላኑን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ለውይይቱ የሚሰቀለውን ጨርቅ አቶ ታደለ አጽፈውኝ ስለነበር፣ ጠዋት ቀድሜ ሄጄ መሰላል ላይ ሆኜ እሰቅል ነበር። ሕይወት ረጅም ጥቅልል ታቅፋ ከሚኒባስ ወርዳ በቀጥታ ገባች። ቀና ብላ አየችና፣

«ጽሑፉ ያንተ ነው?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«በኮምፒውተር የተሠራ መስሎኝ። እስቲ ይቺንም አግዘኝ።»

ጥቅልሉን ግድግዳው ላይ ዘረጋነውና አራቱን ጫፍ በፕላስተር ለጠፍነው። ግድግዳው ቀለሙ ያረጀ፣ ሲነኩት እጅ ላይ የሚቀር ስለሆነ ፕላስተሩ እሺ አላለም። የላይኛው ቀኝ ጫፍ ተነሣ፤ መለስነው፤ ደግሞ ተነሣ። ይቺን ጫፍ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ሰው ካርታ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ቤቱን ነው። እኔም ከወልድያ መጥቶ ወደ ውርጌሳ የሚወርደውን አስፋልት ያዝኩ። ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ መስጊዱ፣ ከመስጊዱ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አድርጌ የኛን መንገድ አገኘሁት። ከመንገዱ ማዶ ዳስ ሜዳ መኖር ነበረበት። የለም። በቦታው ቡናማ ቀለም የተቀቡ ትልልቅ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል፤ ላያቸው ላይ «የመኖሪያ አፓርታማ» ይላል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከአስፋልቱ ጀምሬ እንደገና መጣሁ። ያው ነው።

ዳስ ሜዳ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለሚያልፍ ሰው ምንም አይደለም፤ ቤታችን ፊት ለፊት ያለ ባዶ ሜዳ ነው። የኛ ሰፈር ቤት ግን አብዛኛው አንድ ክፍል ነው። ልጅ ሲዳር ዳሱ የሚጣለው፣ ሰው ሲሞት የቅሬው ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። አባቴ የሞተው በክረምት ነበር። የኛ ቤት የእናቴን እህቶች እንኳ አትበቃም። የቅሬው ሰዎች ጭቃው ላይ ጭድ ነስንሰው ድንኳኑን ዳስ ሜዳ ላይ ተከሉት። ከሐራ የመጣው፣ ከውርጌሳ የመጣው፣ ደጋ ያሉት የአባቴ ክርስቲያን ወዳጆች ሳይቀሩ እዚያ ተቀመጡ፤ ዝናቡ ሲከብድ እርስ በርስ እየተጠጉ ቦታ ሰጡ። እናቴ እስከ ዛሬ «አባትህን ሜዳው ነው የሸኘልኝ» ትላለች። ሜዳው ከሄደ ለቀስተኛ የምንቀበልበት ቦታ የለንም ማለት ነው። እኛ ብቻ ሳንሆን ሰፈሩ በሙሉ።

ሰው መግባት ሲጀምር በሩ ላይ ጋሽ ደምሌን ጠበቅኋቸው።

«ጋሽ ደምሌ፣ ዳስ ሜዳ የለም።»

«የት ሄደ?»

«ፕላኑ ላይ። አፓርታማ ሆኗል።»

ፊቴን አዩኝ። እንደማልቀልድ ያውቃሉ።

«ውይይት አይደል የተባለው? እኔ ራሴ አነሣዋለሁ። ግባና ተቀመጥ፤ ገና ጠዋት ነው።»

እኔም ተረጋጋሁ። የሚናገር ሰው ተገኘ ብዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

አቶ ታደለ ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። የውሃ መስመሩ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ጎርፍ የሚበላው መንገድ እንዴት ድንጋይ እንደሚነጠፍበት፣ ኪራይ ቤት የሚንከራተተው ቤተሰብ የት እንደሚገባ አስረዱ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ውሃ ለመቅዳት ከሌሊቱ ጀምሮ ጄሪካን የሚያሰልፉ ሴቶች ነበሩ እዚያ፤ የቧንቧው ነገር ሲነሣ አንገታቸውን አስግገው ነው የሰሙት። «ከዛሬው ውይይት በኋላ ፕላኑ ይጸድቃል» አሉ አቶ ታደለ። ጋሽ ደምሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሊነሡ ነው ስል በሩ ተከፈተ።

ሼህ ሙሄ ናቸው። ለዕርቅ ውርጌሳ አድረው፣ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ ዘግይተው ነው የደረሱት። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። አቶ ታደለ መድረኩን ትተው ወርደው በክብር ተቀበሏቸው፤ ከፊት ወንበር ሰጧቸው።

«እንኳን ደህና መጡ አባባ። ፕላኑን አቅርበን ጨርሰናል፤ እርስዎን ነበር የምንጠብቀው። እንግዲህ ይመርቁልን።»

ሼኹ ፕላኑን አላዩም። ምን እንደተባለም አልሰሙም። መርቁ ሲባሉ ግን እንዴት እምቢ ይላሉ? ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው ጀመሩ።

«መንገዱን የደግ ሰው እግር ይርገጠው።»

«አሚን!»

«ቤት ለሌለው ቤት ይሁን።»

«አሚን!»

«ቧንቧውን አያድርቀው።»

«አሚን! አሚን!» እዚህ ላይ የሴቶቹ ድምፅ በለጠ።

«የታሰበውን ያሳምር፣ የተጀመረውን ያስጨርስ።»

ሙስሊሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን እያለ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተቀበለ። አቶ ታደለ ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው አጨበጨቡ። ሰዉም ተከትሎ አጨበጨበ።

ከዚያ «ጥያቄ ያለው? አስተያየት?» ተባለ።

አንድም ሰው የለም። ጋሽ ደምሌ ጫማቸውን ያያሉ። እትዬ ዘሀራ፣ እትዬ ዘሀራ እንኳ፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አቶ ታደለ ግራ ቀኝ አዩና ፈገግ ብለው ለቃለ ጉባኤ ያዡ፣ «ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ተቀብሎታል ብለህ ያዝ» አሉት። «ለሻይ ወጥተን ስንመለስ እንዘጋለን።»

አገራችንን ለማያውቅ ሰው ይሄ ዝምታ ግራ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ዱዓ ተደርጎ አሚን ከተባለ በኋላ «ግን እኮ» ብሎ የሚነሣ የለም። አሚን ያለ አፍ መልሶ ቢቃወም የምርቃቱን ባለቤት እንዳሳፈረ ይቆጠራል። ሼህ ሙሄን የሚያህል ሰው ደግሞ ማን ያሳፍራል? አቶ ታደለ ተንኮል አላሰቡም፤ ሰው ማክበራቸው ነው። ሼኹም አላጠፉም፤ የተጠየቁትን ነው ያደረጉት። ሕዝቡም አልፈራም። ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው አክብሮ፣ ዳስ ሜዳ በመሀል ሊሄድ ነው።

ውጭ ስንወጣ ያ ዝም ያለ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። የሻይ ብርጭቆ በአንድ እጅ፣ ዳቦ በሌላ እጅ።

«ደምሌ፣ አንተ አይደለህ የቅሬ ዳኛ? ምነው አፍህ ተለጎመ?» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«አንቺስ ምነው? ለማንጎ ስትጣሪ ወልድያ ድረስ ይሰማ የለም?»

«እኔማ አሚን ብያለሁ።»

«እኔስ ምን ያልኩ መሰለሽ?»

«እንግዲህ ድንኳኑን አፓርታማው ጣሪያ ላይ እንተክለዋለን። ለቀስተኛ በመሰላል ይወጣል።»

«ቀስ በይ፣ ሼኹ ይሰሙሻል።»

ሼህ ሙሄ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሰው እየመጣ ጉልበታቸውን ይስማል፤ ስለ ውርጌሳው ዕርቅ ይጠይቃቸዋል፤ ስለ ሜዳው ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ቢነገራቸው ሳያውቁ የመረቁት ነገር ያሳዝናቸዋል ተብሎ ተፈርቷል። እናቴን ፈለግኋት። ከሴቶቹ ተለይታ አጥሩ ጋ ቆማለች። ሻይ አልያዘችም። ወደ ሰፈራችን አቅጣጫ ታያለች፤ ከዚያ ሜዳው አይታይም፤ እሷ ግን ታያለች።

ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ያች ጫፍ ደግሞ ተነሥታ ስለነበር ልለጥፋት ነው። ሕይወት ብቻዋን ፕላኑ ፊት ቆማለች።

«የሰፈሩ ልጅ ነህ አይደል?» አለችኝ። «እውነቱን ንገረኝ። እንዴት አንድ ጥያቄ እንኳ የለም? እኔ እኮ ጥያቄ ልሰማ ነው የመጣሁት። ሌላ ቦታ ሰዉ ሊበላን ይደርሳል።»

«ዱዓ ተደርጓል።»

«ከተደረገስ?»

«ከዱዓ በኋላ አይወራም።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚወራው?»

«ዱዓ ተከፍቶ፣ ሳይዘጋ በፊት። ሐጃ ያለው፣ ጉዳይ ያለው ማለቴ ነው፣ ያን ጊዜ ያቀርባል። ሼኹ ይመርቁለታል። የሁሉም ሲያልቅ ይዘጋል።»

ይህን ስናገር ቃሉ አፌ ውስጥ ቆመ። ዱዓ ሲዘጋ እንዴት እንደሚዘጋ ዓይኔ ላይ መጣ። ሼኹ የመዝጊያውን ፋቲሓ ብለው መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ ያሳልፋሉ፤ ሰዉም እንዲሁ። ቅድም ግን መዳፋቸው ገና እንደተዘረጋ ነው ጭብጨባው የጀመረው። እኔ ጥግ ሆኜ አይቻለሁ። እጃቸውን ወደ ፊታቸው አላነሡም። ለትንሽ ጊዜ እንደተዘረጋ ቆየና፣ ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

ዱዓው አልተዘጋም።

ወጥቼ ለጋሽ ደምሌ ልነግራቸው ስል ሰዉ እየገባ ነው። አቶ ታደለ መድረክ ላይ ወጥተዋል። «እንግዲህ ለማጠቃለል ያህል» ማለት ጀምረዋል። ጋሽ ደምሌ ከመሀል ናቸው፤ አልደርስባቸውም። እናቴ መስኮቱ ሥር ቦታዋ ላይ ናት። እጄን አነሣሁ።

አቶ ታደለ አዩኝ። «ጨርቁ ሊወድቅ ነው እንዴ?» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እኔ ቆምኩ።

«ሼኹን ነው የምጠይቀው» አልኩ። ድምፄ ቀጠነ። «አባባ፣ ዱዓው ተዘግቷል ወይ?»

ሳቁ በአንዴ ቆመ።

«ወንድሜ» አሉ አቶ ታደለ፣ በጨዋ ደንብ፣ «ይሄ ከአጀንዳው ጋር እንኳ…»

«ቆይ ልጄ» አሉ ሼህ ሙሄ። አቶ ታደለን ነው። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፤ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ ከሆዳቸው ሳቁ።

«እውነቱን ነው። ጭብጨባው ቀደመኝ። አልዘጋሁትም።»

አዳራሹ ውስጥ ነፋስ የገባ መሰለ።

«ካልተዘጋ እንግዲህ» አሉ፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ሐጃ ያለው ሐጃውን ያቅርብ። ምን ሆናችሁ እንዲህ ዝም ያላችሁት? እኔ እኮ ልቅሶ ቤት የገባሁ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ሐጃ አለኝ!» እትዬ ዘሀራ ናቸው። ሳይነሡ ነው የጮኹት፤ ከዚያ ተነሡ። «ሐጃዬ ዳስ ሜዳ ነው አባባ! ዳስ ሜዳን አፓርታማ አድርገውታል!»

«ዳስ ሜዳን?»

«ፕላኑ ላይ አለ! ጀማል ያሳይዎት!»

ሼኹ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ይዣቸው ወደ ግድግዳው ሄድን። «ዓይኔ ደክሟል፤ ጣትህን አስቀምጥልኝ» አሉኝ። አስፋልቱን አሳየኋቸው። ወንዙን። መስጊዱን። ቤተ ክርስቲያኑን። በእያንዳንዱ «እ» ይላሉ።

«ዳስ ሜዳስ?»

ቡናማው ላይ ጣቴን አስቀመጥኩ።

እዚህ ላይ ያች የላይኛዋ ጫፍ ለቀቀች። ወረቀቱ ላያችን ላይ ሊወርድ ሲል ሁለት እጄን ዘርግቼ ግድግዳው ላይ ያዝኩት። ብለቀው የፕላኑ ግማሽ ይወድቃል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጥቼ፣ አፍንጫዬ ከወረቀቱ ተጠግቶ ነው የሰማሁት። ከጎን የማየው ሼኹንና ሕይወትን ብቻ ነው።

ሼህ ሙሄ ቡናማውን በጣታቸው ዳበሱት። ኋላ፣

«የመረቅሁትን አላነሣም» አሉ። «ቤት ለሌለው ቤት ይሁን ብያለሁ፤ ይሁን። ቧንቧው ይምጣ፤ መንገዱም ይምጣ። ሜዳው ይሂድ ግን አላልኩም። አልተነገረኝም።»

«ስህተቱ የኔ ነው አባባ» አለች ሕይወት። «እኔ የሠራሁት ከላይ በተነሣ ምስል ነው። ምስሉ ላይ ባዶ ነው። ቤት የለበትም፣ እርሻ የለበትም። ሰው የማይጠቀምበት መስሎኝ።»

«የኔ እመቤት» አሉ እትዬ ዘሀራ ከኋላዬ፣ «ባዶ ሲሆን እኮ ነው ደስ የሚለን! ባዶ ነው ማለት ሰው አልሞተብንም ማለት ነው!»

ሰዉ ሳቀ፤ ሕይወትም ሳቀች፤ አቶ ታደለም ሲስቁ ሰማኋቸው። ከዚያ በኋላ ወሬው እንደ ጎርፍ ሆነ። አንዱ የፍሳሽ ቦዩ ወደ ወንዙ እንዳይሆን አለ። አንዷ የውሃ ቦኖው ሴት ልጅ ሳትፈራ የምትሄድበት ቦታ ላይ ይሁን አለች። እያንዳንዱ «ሐጃዬ» ብሎ ይጀምራል፤ ሼኹ አንድ ቃል ይመርቁለታል፤ ሕዝቡ አሚን ይላል፤ ሕይወት ትጽፋለች። እኔ እጄ እየዛለ ግድግዳውን ይዣለሁ።

ወደ ሜዳው ሲመለሱ ሕይወት እውነቱን ተናገረች። «አፓርታማዎቹን ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል። ያን ጊዜ ግን መንገዱ ወደዚህ ይመጣል። በሜዳው ዳር ያሉት ቤቶች አጥራቸውን ወደ ውስጥ መመለስ አለባቸው። ይሄን እኔ ልወስን አልችልም፤ ቦታቸው ነው።»

አዳራሹ እንደገና ዝም አለ። ይሄኛው ዝምታ ግን ሌላ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው ግቢውን በዓይነ ኅሊናው ሲለካ የሚሰማ ይመስል ነበር። በሜዳው ዳር ያሉትን ቤቶች አውቃቸዋለሁ። አንዱ የኛ ነው።

አግዳሚ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ በመስኮቱ በኩል።

«እኔም ሐጃ አለኝ።»

እናቴ ናት። በሕይወት ዘመኔ እናቴ በሰው ፊት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ዝምታዬን ከማን እንደወረስኩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልዞር ፈለግሁ፤ ወረቀቱ አለቀቀኝም።

«በዚያ በኩል ያለው አጥር የኔ ነው» አለች። «ፓፓያዬ ያለበት። ባሌን ያን ዕለት ይሄ ሁሉ ሰው ሜዳው ላይ ተቀምጦ ነው የሸኘልኝ። ዝናብ እየወረደ። ማንም ሂድ ሳይለው፣ ማንም ቦታ የለም ሳይለው። ሌላውም ሰው እንዲሁ እንዲሆንለት ነው ሐጃዬ። መንገዱ በኔ በኩል ይለፍ። ፓፓያ ሌላ ይበቅላል።»

ከዚያ የሆነውን በድምፅ ብቻ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከኋላ፣ ከበሩ አካባቢ፣ አንድ የወንድ ድምፅ ቀስ ብሎ «አሜን» አለ። ከዚያ ሁሉም። ከዚያ ጋሽ ደምሌ፣ «የኔም አጥር ይግባ!» አሉ። አንዱ «የኔም» አለ። ሌላው «የኔማ ድሮም ወድቋል፤ እንደወደቀ ይግባ!» አለና ሳቁ ጣሪያውን ነካ። ከጎኔ ሼህ ሙሄ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

«ደምሌ፣ ና ከኔ ጋር ቁም» አሉ። ጋሽ ደምሌ መጥተው አጠገባቸው ቆሙ። ሼኹ እንደገና መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ለመንገዱ፣ ለቤቱ፣ ለውሃው፣ ለሜዳው፣ አጥራቸውን ለሰጡት፣ ከወልድያ ለመጣችው ልጅ መረቁ። ፋቲሓ አሉና መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። ጋሽ ደምሌ አማተቡ። እኔ እጄ ስለተያዘ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አድርጌ አሚን አልኩ።

ሼኹ ወደ አቶ ታደለ ዞሩ። «በል ልጄ፣ አሁን አጨብጭብ።»

አቶ ታደለ እየሳቁ አጨበጨቡ። ከዚያ ለቃለ ጉባኤ ያዡ፣ «ቅድም የጻፍከውን ተወው፤ የተወያየነው ገና አሁን ነው» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ብዙ ሰው እንዲህ አይልም።

ከሳምንታት በኋላ ሕይወት ስልክ ደወለችልኝ። ወልድያ ሄድኩ። የተስተካከለውን ፕላን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። አስፋልቱን ያዝኩ፤ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ መስጊዱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አድርጌ መጣሁ። አረንጓዴ ነው። ስሙ ተጽፎበታል፤ ዳስ ሜዳ። ስሙ ላይ ጣቴን አስቀመጥኩ፤ እሷም ፈገግ አለች። በባጃጅ ልሂድ ብዬ ወጥቼ፣ መናኸሪያው ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ደስታዬ መቀመጥ አልቻለም።

አፓርታማዎቹ ገና አልተሠሩም። የመንገዱ ችካል ግን ተተክሏል፤ የድሮው አጥራችን በነበረበት ያልፋል። እናቴ አጥሩን ወደ ውስጥ መልሳ አጥራ፣ ከጓሮ በኩል ሌላ ፓፓያ ተክላለች። ሜዳው ላይ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የተጣለው የእትዬ ዘሀራ ልጅ የሰርግ ዳስ ነው። ጋሽ ደምሌ ሰሌዳ አጻፉኝ። ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት ሥራ እሱ ነው። ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለበት፤ የመንገደኛ ዓይን ከአስፋልቱ ያነበዋል።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ትልቅ ነገር አልሠራሁም። የጠየቅሁት አንድ አጭር ጥያቄ ነው፤ ሥራውን የሠሩት ሌሎች ናቸው። ግን ከዚያ በፊት ዝምተኛ ሰው ለስብሰባ አይጠቅምም ብዬ አምን ነበር። አሁን በቅሬው ስሜ ሲጠራ «አለሁ» እላለሁ። ሰፈራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ውይይት ተጠርቶ ሁሉም ዝም ካለ፣ ሰዉ የሚናገረው ነገር የለውም ብላችሁ አትውጡ። መናገሪያው በየት በኩል እንደሆነ ፈልጉ፤ የኛ በዱዓው በኩል ነበር።

በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ለነበራችሁ አደራ አለኝ። የረሳሁት ካለ ሙሉልኝ፤ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ከበሩ በኩል መጀመሪያ አሜን ያለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ የሚያውቅ ይንገረኝ። እትዬ ዘሀራ ሁለት ጊዜ ነው የተነሣሁት ይላሉ፤ እኔ አንዱን ብቻ ነው ያየሁት። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር። እናቴ ስትናገር እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ግድግዳ ይዤ ነበር። እሷን ብጠይቃት ትስቅብኛለች እንጂ አትነግረኝም። እናንተ ፊት ለፊቷ ነበራችሁ። ፊቷ ምን ይመስል ነበር?